ከኋላ በር የመጣ ወረቀት

ጥቅምት 4

ዛሬ ደህና ዋልን። «ደህና» ብዬ ስጽፍ ራሱ ቅር አለኝ... ነገር የሚጀምረው ሰው ደህና ነኝ ባለ ማግስት ነው።

ደብተሩን የገዛችልኝ እናቷ ናት፣ የልጄ እናት፣ ሚስቴ። «ጭንቀትህን እኔ ጆሮ ውስጥ ከምትከምረው እዚህ ላይ አራግፈው» ብላ። እሺ። ይኸው ላራግፍ።

የትምህርት ቤት ቦርሳ ነው የምንሰፋው። ጨርቁም፣ ዚፑም፣ ማሽኑም፣ መርፌውም ከአንዱ ትልቅ አገር ይመጣል፣ በኋላ በር ይገባል። የተሰፋው ደሞ ወደ ሌላኛው ትልቅ አገር ይሄዳል፣ በፊት በር ይወጣል። ሠራተኛው አገሮቹን በስማቸው አይጠራቸውም። «የኋላ በር» እና «የፊት በር» ነው የምንላቸው። እርስ በርሳቸው ዓይንና ናጫ ናቸው አሉ። እኛ ግቢ ውስጥ ግን አንዱ ያመጣል፣ አንዱ ይወስዳል፣ እኛ መሃል ቆመን እንበላለን።

እኔ የማሸጊያ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ከቤታችን ፋብሪካው ላይ የተንጠለጠልን፦
1. እኔ
2. እናቷ (ሦስተኛው መስመር፣ ዚፕ ላይ)
3. ልጄ (ሁለተኛው አዳራሽ ሲከፈት)
ያልተንጠለጠለች፦ ድመቷ።

ሁለተኛው አዳራሽ ገና ምሰሶው ነው የቆመው። ባለሀብቶች መጥተው ያዩታል፣ ገንዘብ ይጨምሩበታል፣ ከዚያ ያልቃል ተብሏል። ልጄ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ትሠራ ነበር። ያስለቀቅኳት እኔ ነኝ። «ደሞዙ ይሻላል፣ ስልጠና ይሰጣሉ፣ ደሞ ትልቅ ነገር ዝም ብሎ አይወድቅም» ብዬ። ስንቴ ነው ይቺን ያልኳት?

ሌላ። ቦርሳ ሆዱ ባዶ ከሆነ ካርቶን ውስጥ ይጨማደዳል። ስለዚህ ነጭ ወረቀት እየጨመደድን እንጎሰጉስበታለን። ነጩ ወረቀት ተወደደ። ሥራ አስኪያጁ «ጋሼ፣ እስቲ መላ ይፈልጉ» አለኝ። ልጅ እግር ነው ግን ሰው ያከብራል። መላ አገኘሁ! የጨርቁ ጥቅል ተሸፍኖ የሚመጣበት ቡናማ ወረቀት አለ። ንጹህ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ዳር እስከ ዳር በቀይ የኋላ በሮቹ ጽሑፍ አለበት። እስከ ዛሬ የምንጥለው ነበር። ከዛሬ ጀምሮ የቦርሳ ሆድ መሙያ ሆነ።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ጭንቅላት ነዎት!» አለኝ ሰው ፊት።

ትንሽ ለመደርደሪያ ምንጣፍ ብዬ እቤት አመጣሁ። እናቷ ደስ አላት። ደህና ቀን ነው ያልኩት ለዚህ ነው።


ጥቅምት 9

ራዲዮ ዜና ይዛ መጣች። ራዲዮ ማለት ከኔ ጋር የምትሠራ ሴት ናት፣ ካርቶን ላይ ቴፕ ትለጥፋለች። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ከተሰካ ዓመታት አልፈዋል።

«ጋሼ ዝርዝር፣ ሰምተሃል?» (እኔን ነው። ስም አውጥተውልኛል።)
«ምን?»
«የፊት በር ቀረጥ ጣለ። የኋላ በር ነገር የነካው ዕቃ ሁሉ ላይ።»
«ስንት?»
«እንጃ። ብቻ ሰውየው ቁጥሩን ከማንበቡ በፊት ውሃ ጠጣ።»

አንዱ ጫኝ ካርቶን እንደተሸከመ «ሁለት ዝሆን ሲጣላ የሚጎዳው ሣሩ ነው» አለ። ራዲዮ ዞር ብላ «ሣር ብንሆንማ ዝናብ ሲመጣ እንበቅል ነበር» አለችው። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ምሳዬን ግን አልጨረስኩም።

ጥያቄ ለራሴ፦ ቦርሳው እዚያ ቢወደድ የዚያ አገር አባት ምን ያደርጋል? እኔ ብሆንስ? «የአምናውን እጠቢና ዘንድሮም ያዢ» እላታለሁ።

ይኸው... መልሱ ይኸው።


ጥቅምት 10

ስኳር፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ ሻማ ገዛሁ። እናቷ በር ላይ ቆማ «ምንድነው፣ ጦርነት ነው ወይስ ሰርግ?» አለችኝ።


ጥቅምት 17

ባለሀብቶቹ መጡ። ሦስት ናቸው፣ ከፊት በር አገር።

ሥራ አስኪያጁ ጠዋት ጠርቶኝ ነበር። «ጋሼ፣ የኋላ በር ጽሑፍ ያለበትን ነገር ሁሉ ይሸፍኑልኝ። ጨርቁ ከየት እንደሚመጣ አይደበቅም፣ ያውቃሉ። ግን ዛሬ ዓይናቸው እንዳይሰናከል።» ዝርዝር ይዤ ዞርኩ። የሸፈንኩት፦
የማሽኖቹ ግንባር ላይ ያለው ስም
የዘይት ጣሳዎቹ
የግድግዳው ቀን መቁጠሪያ
እሳት ማጥፊያው
የችግር-የለም ኮፍያ
የቀረ፦ ምንም።

ችግር-የለም ማሽን ጠጋኙ ነው። ከማሽኑ ጋር ነው የመጣው፣ ከኋላ በር አገር። ሦስት ዓመት አብሮን ኖሮ በኛ ቋንቋ የሚያውቃት አንዲት ነገር «ችግር የለም» ናት። ማሽን ሲቆም «ችግር የለም»። ሲያመው «ችግር የለም»። ኮፍያህ ላይ የአገርህ ጽሑፍ አለ ብዬ በእጄ ሳሳየው ገልብጦ አጠለቀውና «ችግር የለም» አለኝ። ግን አልሳቀም።

ባለሀብቶቹ ማሸጊያ ክፍልም ገቡ። አንደኛዋ ሴትዮ ቦርሳ አንስታ ሆዱን በጣቷ ጫን ጫን አደረገችው። ደስ አላት መሰለኝ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁን አንድ ነገር ጠየቀችው። አስተርጓሚው ጮክ ብሎ ነው የሚናገረው፣ ሁላችንም ሰማን። «ነገ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ብትባሉ?»

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አለ። «እኛ መሃል ነን። ሁለቱም ይወዱናል።»

ልጄን አየኋት። ሰልጣኞቹ መሃል ቆማለች፣ አዲስ ሽርጥ አድርጋ። ልቤ ሞቀ። ወዲያው ደሞ በረደ።

መኪናቸው ሲወጣ ዘበኛው በሩን እየገፋ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» አለ። ለማን እንዳለው አላውቅም። አጠገቡ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።


ጥቅምት 26

የኋላ በር መልስ ሰጠ። የማሽን ዕቃ ለፊት በር ወዳጆች አልሸጥም አለ። እኛ የማን ወዳጅ ነን? ማንም አልጠየቀንም። ብቻ መርፌ መምጣቱ ቀረ።

መርፌ ማለት ቀላል ነገር ይመስላል። በኛ ደንብ መርፌ የሰበረች ሰፊ ስብርባሪውን አንድም ሳይቀር ለቅማ ካርድ ላይ ለጥፋ ታስረክባለች። የሕፃን ቦርሳ ውስጥ ስባሪ እንዳይቀር ነው። ካርዱ ሲሞላ አዲስ መርፌ ይሰጣታል። ዛሬ እናቷ ሰበረች፣ ወለሉ ላይ በጉልበቷ ሄዳ ለቀመች፣ አሟልታ ወሰደች። «የለም» አሏት። ከጎኗ ካለችው ልጅ ጋር በአንድ መርፌ ተራ ሲገቡ ዋሉ።

ማታ ራት ላይ «አንድ ምንቸት እንዳላቸው ሁለት አብሳዮች እኮ ሆንን፣ አንዷ ስታወጣ አንዷ ትጠብቃለች» አለችና ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። «አንተ ሰውዬ፣ ፊትህን እንደ ቀብር አታርገው» አለችኝ።

ልጄ፦ «አባዬ፣ አዳራሹ መቼ ያልቃል አሉ?»
እኔ፦ «በቅርቡ።»
ለምን እንደዚያ አልኩ?


ኅዳር 3

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ራዲዮ ጠዋት የነገረችን፦ የፊት በር ወደብ ላይ ካርቶን እየከፈቱ ያያሉ። ከኋላ በር አገር የተሰፋ ዕቃ በሌላ አገር ስም ተለጥፎበት ይገባል የሚል ጥርጣሬ አላቸው። አንድ ምልክት ካገኙ ኮንቴይነሩ በሙሉ ይቆማል።

«እኛ ምን አገባን» አልኳት። «እኛ እዚሁ ነው የሰፋነው። አይደለም እንዴ?»
«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እኔ ቴፕ ነኝ» አለች።

ደህና። እቤት ገባሁ። ሻይ ልጠጣ ብዬ ስኳር ላወርድ መደርደሪያውን ከፈትኩ። የስኳሩን ዕቃ አነሳሁ። ከሥሩ... ቀይ ጽሑፍ።

እዚያው ቆምኩ። ሻዩ ፈልቶ ገነፈለ።

ያ ሁሉ ቦርሳ። በየሆዱ ውስጥ። በእጃችን ጨምድደን፣ ጠቅጥቀን፣ ዚፕ ዘግተንበት... እሳት ማጥፊያውን እንኳ ሸፍኜ! «የቀረ፦ ምንም» ብዬ ጽፌ!


ኅዳር 4

የሚያውቅ፦
1. እኔ
2. ራዲዮ (ታውቃለች ግን አላገናኘችውም)
3. የሚጎሰጉሱት ልጆች ሁሉ
4. ሥራ አስኪያጁ (ጭንቅላት ነዎት ያለኝ)
5. እግዜር

ይሄ ምስጢር ነው ወይስ ሰልፍ?

ዛሬ ነጭ ወረቀት አስመጣሁ። «ለምን ተቀየረ?» አሉኝ። «አቧራ አለበት» አልኩ። በባሕር ላይ ያለውን ግን ምን ላድርገው? እንቅልፍ የለም። ዓይኔ እንደ በርበሬ ቀልቷል።


ኅዳር 6

ጽሑፉ ምን እንደሚል ማወቅ አለብኝ። ምናልባት ጸሎት ይሆናል። ምናልባት «አታርጥቡት» ይሆናል። ሰው ተስፋ አያጣም።

ችግር-የለምን በምሳ ሰዓት ለብቻው አገኘሁት። ወረቀቱን ዘረጋሁለት። አነበበና ፈገግ አለ፣ የአገሩን ጽሑፍ አይቶ ነዋ። ፋብሪካውን በእጁ ዙሪያውን አሳየኝ፣ የጨርቁ ፋብሪካ ስም ነው ማለቱ ነው። ከዚያ ከሥር ያለውን ትልቁን መስመር በጣቱ እያሰመረ ደረቱን መታ መታ አደረገ። አገሬ። የአገሬ ሥራ።

አንድ ቦርሳ ከፈትኩና ወረቀቱን ሆዱ ውስጥ አድርጌ ዚፑን ዘጋሁ። ወደ ፊት በር ጠቆምኩት።

ቦርሳውን አየ። በሩን አየ። እኔን አየ።

«ችግር አለ» አለኝ።

ይቺን ቃል እንደሚያውቃት አላውቅም ነበር። ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ተቀመጠ። ከዳቦው ቆርሶ ሰጠኝ። አብረን በላን።


ኅዳር 11

ሆነ። የፈራሁት ሆነ።

አንዱ ኮንቴይነር ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ሁላችንንም ሰብስቦ ነገረን። ፊቱ አመድ መስሏል። «ቦርሳዎቹ ውስጥ የተገኘ ነገር አለ። ቦርሳው ኋላ በር አገር ተሰፍቶ የኛ አገር ስም ብቻ ተለጥፎበታል ይላሉ።»

ማንም ሳይናገር እናቷ ከኋላ ጮኸች። «እኔ የሰፋሁትን ነው እነሱ ሰፉት የሚሉት?» ሰው ሳቀ። እሷ ግን ዕንባዋ መጥቶ ነበር። «ጉልበቴ ያውቀዋል! መርፌ ስለቅም!» አለች። አስቀመጧት።

ከዚያ የከፋው መጣ። ቦርሳውን የሚገዙን የፊት በር ሰዎች «ከኋላ በር የመጣ ሠራተኛ ግቢያችሁ ውስጥ አለ ወይ» ብለው ጠይቀዋል። ሁሉም ዓይን ችግር-የለም ላይ አረፈ። እሱ አንድም ቃል አልገባውም። ኮፍያው እንደተገለበጠ ነው። ፈገግ ብሎ እጁን ለሰላምታ አነሳ።

እኔ ምን አደረግኩ? ጫማዬን አየሁ።


ኅዳር 12

ነገርኩት። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቼ፣ ቆሜ። «ወረቀቱ የኔ ነው። እኔ ነኝ ያመጣሁት። ያ ሰውዬ ምንም አያውቅም።» ሌላም ሌላም። በቃሌ አጥንቼ የሄድኩት ሁሉ ተደበላለቀብኝ።

«ጋሼ፣ ቁጭ ይበሉ» አለኝ።
«ቆሜ ይሻለኛል።»
«ቁጭ ይበሉ እንጂ! ወረቀቱን እኮ እኔም አውቀዋለሁ። ያመሰገንኩዎት እኔ አይደለሁም?»

ተቀመጥኩ።

«ወረቀቱን ባያገኙ ክሩን ያገኙ ነበር። ክሩን ባያገኙ ዚፑን። ሊያገኙ ነው የከፈቱት፣ ገባዎት? በጽሑፍ አስረድቻለሁ፣ ሰፊዎቹን ፎቶ አንስቼ ልኬያለሁ። ያነበበው ሰው የለም።»

«ባለሀብቶቹስ? እነሱ ይህን ሲሰሙ...»

ሳቀ። መጥፎ ሳቅ። «እነሱማ መርፌ የቀረ ሳምንት ነው የጻፉልኝ። "ባለ አንድ በር ቤት ነው የምንፈልገው" አሉ። ሌላ አገር አግኝተዋል። ለሠራተኛው ያልነገርኩት ምናልባት ብዬ ነው።»

መርፌ የቀረ ሳምንት! ልጄን «በቅርቡ» ያልኳት ሳምንት።

ሲያጽናናኝ ነው እንግዲህ። ጥፋቱ የርስዎ አይደለም ማለቱ ነው። ታዲያ ለምንድነው ከበፊቱ የባሰ የፈራሁት? የኔ ጥፋት ቢሆን ኖሮ አስተካክለው ነበር። ወረቀቱን ቀይሬ፣ ይቅርታ ጠይቄ፣ ደሞዜን አስቆርጬ... ይሄን ግን በምን እጄ?


ኅዳር 13

«ያ ወረቀት ከዚህ ግቢ ይጥፋ» ተባልኩ። ሙሉ ክምር ነው፣ መጋዘኑ ጥግ እስከ ጣሪያ። አቃጥሉት አሉ። ደህና ወረቀት እንዴት ይቃጠላል? በጋሪ እቤት አስመጣሁት። ከግቢው ጠፍቷል፣ አይደል እንዴ?

አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን ላይ፣ ከበሩ ኋላ። ድመቷ ወዲያው ወጥታ ተኛችበት። እናቷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችኝ። «የሚያሳብድህን ነገር ተሸክመህ መጣህ?» አለች።

በር በተንኳኳ ቁጥር እደነግጣለሁ።


ኅዳር 20

ችግር-የለም ሄደ። ጥርጣሬው አይደለም የወሰደው፣ አገሩ ሰዎቿን ሁሉ ጠራች። ጠዋት ሚኒባስ መጣ። እያንዳንዱን ማሽን ዘይት ቀብቶ፣ ጠርጎ፣ ጨርቅ አልብሶ ነው የወጣው። ልጆቹ አለቀሱ። ራዲዮ ማዳመጫዋን ነቅላ ሰጠችው። ነቅላ! እኛ ራዲዮን ያለ ማዳመጫ አይተናት አናውቅም።

እኔ ጋ ሲደርስ እጄን ያዘኝ። «ችግር አለ?» አልኩት።

ሚኒባሱ ውስጥ ገባ። በመስኮት አንገቱን አወጣ። «ችግር የለም!» አለ ጮክ ብሎ። ኮፍያውን አዙሮ በትክክል አድርጎታል።

ዋሸኝ። ለኔ ብሎ ነው የዋሸው።


ኅዳር 28

ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሁለተኛው አዳራሽ ቀርቷል። ሦስተኛው መስመር ይዘጋል። ለሰፈሩ ሱቅ የሚሆን ትንሽ ሥራ ይቀጥላል፣ ባለን መርፌ። ሰው ይቀነሳል። ማንን? እንዳያዳሉ አስበው አንድ ደንብ አወጡ፦ ከአንድ ቤት አንድ ሰው። ማን እንደሚቀር ቤቱ ራሱ ይምረጥ። እስከ ቅዳሜ።

ፍርድ ነው ይሄ? ደግነት ነው? አላውቅም። ዘበኛው ማስታወቂያውን ሰው ካነበበለት በኋላ «እኔ ብቸኛ ነኝ፣ ተመስገን» አለ። ከዚያ አፈረ።


ኅዳር 29

ተቀመጥን ሦስታችንም። ዝርዝር አዘጋጅቼ ነበር፣ ለያንዳንዳችን «ብትቀር/ብትወጣ» እያልኩ። ደሞዝ፣ ዕድሜ፣ ጤና፣ ሌላ ሥራ የማግኘት ዕድል... ሰንጠረዥ።

ልጄ፦ «እኔን ሰርዙኝ። ገና ሥራ እንኳ አልጀመርኩም። ወጣት ነኝ፣ አገኛለሁ።»
እኔ፦ «ክሊኒኩ ቦታሽን ለሌላ ሰጥቷል እኮ።»
ልጄ፦ «አባዬ፣ አውቃለሁ። እኔ እኮ ነኝ የለቀቅኩት።»

«አንተ ነህ ያስለቀቅከኝ» አላለችም። አንድ ቀን እንኳ አላለችም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

እናቷ ሰንጠረዡን ወሰደችና ረጅም ሰዓት አነበበች። «መስመሬ ቢዘጋም እኔ ዚፕ ላይ ነኝ» አለች። «ዚፕ የሚሰፋ ሁልጊዜ ያስፈልጋል። ማሸጊያ ማለት ግን... ቦርሳው ሱቅ ድረስ ከሆነ የሚሄደው ማን ያሽገዋል?»

ልክ ናት። ሰንጠረዡ ላይ እኔም እንደዚያው ነው የጻፍኩት፣ ግን በትንንሽ ፊደል።

«እኔ እቤት ቁጭ ብዬ ምን ልሆን?» አልኳት። «በጭንቀት እኮ እታመማለሁ።»
«አንተ ሥራ ብትሄድም ትታመማለህ፣ ብትቀርም ትታመማለህ። ያው መታመምህ ካልቀረ እቤት ታመም።»

ልጄ ሳቋን መያዝ አቃታት። ከዚያ ሦስታችንም ሳቅን። ስቀን ስንጨርስ ግን ማንም ቀና ብሎ ማንንም አላየም።


ታኅሣሥ 5

የመጀመሪያው ቀን። እንደ ሁልጊዜው ተነሳሁ፣ ለበስኩ። እናቷን እስከ ፋብሪካው በር ሸኘኋት። ዘበኛው በልማድ በሩን ለሁለታችን ከፈተው። ገብታ ዞር አለች። እኔ ውጭ ነኝ። በሩ ተዘጋ።

ስመለስ የሁለተኛው አዳራሽ ምሰሶዎች ላይ ልብስ ተሰጥቶ አየሁ። የማን ይሆን?


ታኅሣሥ 19

አዲስ ነገር። ሱቅ ሄጄ ጨው ገዛሁ፣ ባለሱቁ በእፍኜ ዘረገፈልኝ። «ፌስታል የለም» አለ። ፌስታልም ከኋላ በር ነው እንዴ የሚመጣው? ነው። ቆሟል። ሴቶች በነጠላ ጫፍ፣ በሳህን፣ በኮፍያ ይዘው ይሄዳሉ።

ጨዉን በእፍኜ ይዤ እቤት ገባሁ። ልጄ አየችኝ። እኔ አልጋ ሥር ያለውን ወረቀት አየሁ። እሷም አየችው።

«አባዬ...»
«ጽሑፉ ግን?»
«ወደ ውስጥ ይታጠፋል።»

የዱቄት ሙጫ አፈላች። መጀመሪያ የሠራነው ከረጢት ጨው አፈሰሰ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ያዘ። ክሊኒኩ መድኃኒት ክፍል ወሰደችላቸው፣ እንክብል በእጅ ሲሰጡ ነበር አሉ። «አምጪልን» ብለዋት መጣች። ካርድ ክፍሉን አልፋ ነው የሄደችው፣ በቦታዋ ሌላ ልጅ ተቀምጣ። ይሄን ስትነግረኝ ሙጫውን እያማሰለች ነበር።


ጥር 14

ስንከፋፈል፦ እሷ ትቆርጣለች፣ እኔ አጥፌ አጣብቃለሁ። እናቷ ከሥራ ስትመጣ ሥሩን ታጠብቃለች፣ የኔን አታምነውም። ለሱቆቹ፣ ለመድኃኒት ቤቱ፣ ለዳቦ ቤቱ። ጽሑፉን ወደ ውስጥ ማጠፍ ትተናል፣ ማንም ግድ የለውም። ሰፈሩ በሙሉ ስኳሩን በኋላ በር ጽሑፍ ይዞ ይዞራል። ፊት በር ቢያየን ምን ይል ይሆን?

ወረቀቱ ግን እያነሰ ነው። ቁም ሣጥኑ ላይ ያለው አለቀ። የዳቦ ቤቱ ሰውዬ የዱቄት ጆንያ ወረቀት እሰጥሃለሁ ብሎኛል። ይሰጠኛል? ቢረሳስ? ሌላ ሰው ቀድሞ ቢወስድስ?


የካቲት 8

ጠዋት እያጣበቅን ራዲዮ ከመንገድ ጮኸች። አዲስ ማዳመጫ ገዝታለች። «ጋሼ ዝርዝር! ጋሼ ዝርዝር! ታረቁ!»
«እነማን?»
«በሮቹ! ተጨባበጡ! ቀረጡ ሊነሳ ነው፣ መርፌውም ሊመጣ ነው!»

ሰው ሁሉ ወጣ። ባለሱቁ አጨበጨበ። አንዷ እልል አለች። እኔም ወጣሁ፣ እጄ ሙጫ ነው፣ የጨበጠኝ ሁሉ ተጣበቀብኝ። «እንኳን ደስ አለህ» ይሉኛል። «እንኳን አብሮ» እላለሁ።

ከዚያ ባለሱቁ እንዲህ ሲል ሰማሁት፦ «ተመስገን፣ ፌስታል ሊገባ ነው።»

ፌስታል። ከረጢታችን ማን ይገዛዋል እንግዲህ?

ገብቼ ቁጭ አልኩ። ያ ሁሉ ጸሎት «አስታርቃቸው» እያልኩ... አሁን ዕርቃቸውን ፈራሁ። ሰው እንዴት ዕርቅ ይፈራል?

ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ በዘበኛው በኩል መልእክት ላከ። ባለሀብቶቹ ጽፈዋል፣ አዳራሹን እንደገና ሊያዩት ይችላሉ፣ የልጄ ስም አሁንም መዝገቡ ላይ አለ።

ልጄ መቀሷን አስቀመጠች። «አባዬ፣ ምን ትላለህ? ልሂድ ወይስ ልቅር?»

አፌን ከፈትኩ። «ትልቅ ነገር ዝም ብሎ» የሚለው እስከ ጥርሴ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት።

«እኔ እንጃ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «እኔ እንጃ ስትል ዛሬ ነው የሰማሁህ።»

«የምሬን ነው። እኔ እንጃ ልጄ።»

መቀሱን አነሳች። «ታረቁ እንጂ መች ተዋደዱ» አለች። «እስኪ አዳራሹ ጣሪያ ያውጣ። ጣሪያ ካወጣ ያን ጊዜ እጠይቅሃለሁ። ያንን ጫፍ ያዝልኝ።»

ያዝኩላት።

ሲመሽ ሱቅ ወረድኩ። ስኳር፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ ሻማ። ስኳሩን የሰጠኝ በኛው ከረጢት ነው። እናቷ ከፋብሪካ ስትመለስ በር ላይ ተገናኘን። የያዝኩትን ሁሉ አንድ በአንድ አየችው።

«ዛሬስ? ጦርነት ነው ወይስ ሰርግ?»

«ዕርቅ ነው» አልኳት።

አልሳቀችም። ሻማዎቹን ተቀበለችኝና መደርደሪያው ላይ፣ ቀዩ ጽሑፍ ላይ፣ ደርድራ አስቀመጠቻቸው።